ሙድ የሚያስተካክል ሻይ እንዴት ይፈላል?

ሻይ ጠጥቶ ጭንቅላቱ ጥርት የሚልለት ሰው አለ። ያንኑ ሻይ ጠጥቶ ልቡ ድው ድው ሲል የሚውልም አለ። ሌሊቱን ጣሪያ ላይ አፍጥጦ የሚያነጋውም ጥቂት አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚደረገው ሻዩ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ስንት ደቂቃ ቆየ? ኩባያው በስንት ሰዓት ተነሳ?

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ኩባያው ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይረዳል። አንዱ ካፌይን ነው። ቀን ላይ ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል፤ ድካምና እንቅልፍ የሚጫነንም በእሱ ነው። ካፌይን ወንበር ቀድሞ እንደሚይዝ ሰው አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፣ እንዳይሰማን ሆነ እንጂ።

ሁለተኛው ኤል-ቲያኒን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1949 ጃፓን ውስጥ ከአረንጓዴ ሻይ ተለይቶ የወጣ አሚኖ አሲድ ነው። ሰው ነቅቶ ግን ዘና ብሎ ሲቀመጥ የሚታየውን አልፋ የተባለ የአንጎል ሞገድ ከፍ ያደርጋል። ሻይ እንደ ቡና የማያጣድፈው በእሱ ነው ይባላል። እውነትነት አለው፤ ግን አይጋነን። በሙከራዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ አንድ ኩባያ ውስጥ ያለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ቡና አጣድፎ ሻይ የማያጣድፍበት ትልቁ ምክንያት ቀላል ነው፦ 240 ሚሊ ሊትር ጥቁር ሻይ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ሲይዝ፣ በዚያው ልክ የተቀዳ ቡና እጥፍ ገደማ ይይዛል።

1. የምትፈልጉትን ለዩ

መንቃት ነው? ወይስ ሳትቅበጠበጡ ሥራ ላይ መቀመጥ? ወይስ ማታ ረገብ ማለት? ለሦስቱም አንድ ዓይነት ሻይ አይሆንም።

2. ቅጠል ምረጡ

ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ኡሎንግ የሚባሉት ሁሉ የአንድ ተክል ቅጠሎች ናቸው። የሚለያቸው ከተቀጠፉ በኋላ የሚደረግላቸው ዝግጅት ነው። ስለዚህ «አረንጓዴ ስለሆነ ካፌይን የለውም» የሚለውን እርሱት። ለመንቃት ጥቁር ሻይ ይበቃል። ለረጋ ትኩረት በጥላ ሥር ያደገ አረንጓዴ ሻይ፣ ለምሳሌ ማቻ፣ ይሻላል፤ ፀሐይ ሲቀንስበት ቅጠሉ ውስጥ ብዙ ቲያኒን ይቀራል። ማቻ ግን ዱቄት ሆኖ ተፈጭቶ ከነቅጠሉ ስለሚጠጣ ካፌይኑም ቀላል አይደለም። ለማታ እንደ ካሞሚል ያለ ካፌይን የሌለው የዕፅዋት ሻይ ይሁን። ዲካፍ፣ ማለትም ካፌይኑ እንዲወጣለት የተደረገ ሻይም ቢሆን ትንሽ ካፌይን አያጣም።

ቲ ባግ የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ አልንቅም። ውስጡ ያለው የደቀቀ ቅጠል ስለሆነ ቶሎ ይለቃል፤ ይህን ካወቃችሁ ደቂቃውን ማሳጠር ብቻ ነው።

3. ውሃውና ደቂቃው

የብዙ ሰው ሻይ የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። ለጥቁር ሻይ ለአንድ ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል፣ ማለትም 2 ግራም ያህል፣ በደንብ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ሸፍኑት። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ውሃው መቅላት ይጀምራል። ቀለሙን አትመኑት፤ ቀለም ስለ ካፌይን ምንም አይነግራችሁም። 3 ወይም 4 ደቂቃ ሲሞላ ካፌይኑ በአብዛኛው ወጥቷል። ከ5 ደቂቃ በኋላ በዋናነት የሚጨመረው ምሬትና ያ አፍ የሚያደርቀው ነገር ነው። እንግዲህ ጠንከር ያለ ሻይ የፈለገ ሰው ደቂቃ ሳይሆን ቅጠል ይጨምር። ቀለል ያለ የፈለገ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ላይ ያውጣ።

ማውጣት ስል ማውጣት ማለቴ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ቅጠሉን ከነውሃው ፔርሙዝ ውስጥ ይከታል። የመጀመሪያው ኩባያ ደህና ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የሚቀዳው ግን ጥቁር ይሆናል፤ ላዩ ላይ ሽፋን ቢጤ ይይዛል። ምሬቱን ለማጥፋት ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምርበታል። ከዚያ ከሰዓት በኋላ እግሩን ጠረጴዛ ሥር እያንቀጠቀጠ «ሻይ አይስማማኝም» ይላል። ፔርሙዝ ጥሩ ዕቃ ነው፤ የተጣራ ሻይ ይያዝበት እንጂ ቅጠል አይቆይበት።

ለአረንጓዴ ሻይ የፈላ ውሃ አይሆንም። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ፣ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ። ቴርሞሜትር መግዛት አያስፈልግም። የፈላውን ውሃ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሁለት ሦስቴ ገልብጡት፤ ይበርድላችኋል። አረንጓዴ ሻይ ይመራል የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ቅጠሉን በፈላ ውሃ ያቃጠሉ ናቸው።

ረገብ ለማለት እኔ የምወደው ቀዝቃዛውን መንገድ ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅጠል በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል አቆዩትና አጥሉት። ቲያኒን በቀዝቃዛ ውሃም በቀላሉ ይሟሟል። ካፌይንና ምሬት የሚያመጡት ነገሮች ግን በቀዝቃዛ ውሃ የሚወጡት ቀስ ብለውና ባነሰ መጠን ነው።

አንድ አቋራጭ ደግሞ በየቦታው ይወራል። «ቅጠሉን በሙቅ ውሃ 30 ሰከንድ አለቅልቃችሁ ድፉት፣ ካፌይኑ ይሄዳል» የሚል። አይሄድም። በ30 ሰከንድ የሚወጣው ትንሹ ነው። የምትደፉት ጣዕሙን ነው።

4. ስኳርና ወተት

ወተት ካፌይኑን አይቀንሰውም። ስኳር ሙድ ያነሳል የሚለው ደግሞ በጥናት ሲፈተሽ አልጸናም፤ እንዲያውም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ንቃትን የመቀነስ ነገር ታይቶበታል። ለጣዕም ከሆነ በልክ ጨምሩ።

5. ሰዓቱን አስሉ

ካፌይን ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስብሰባ 3 ሰዓት ላይ ካላችሁ፣ ሻዩን ሁለት ተኩል አካባቢ ጨርሱት። በር ላይ ቆሞ መጎንጨት ስብሰባው ሲያልቅ መንቃት ነው።

የሚወጣው ግን ቀስ ብሎ ነው። ግማሹን ለማስወገድ ሰውነት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣችሁት ሻይ፣ ማታ 4 ሰዓት ስትተኙ ግማሽ ካፌይኑ አብሯችሁ ይተኛል። ነፍሰ ጡር ለሆነችና የወሊድ መከላከያ ክኒን ለምትወስድ ሴት ይህ ጊዜ ይረዝማል። የሚያጨስ ሰው ደግሞ ቶሎ ያስወጣዋል። «እኔ ማታ ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይተኛ ይሆናል፤ እንቅልፉ ጥልቅ መሆኑን ግን ጠዋት ሲነሳ ጠይቁት።

6. ስትጠጡ አትጣደፉ

የሚያቃጥል ሻይ አትጠጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚላቸው ጎራ መድቦታል። ትንሽ ይብረድ። ያቺ የመጠበቂያ ጊዜ ራሷ ከስልክ ካራቀቻችሁ ትርፍ ናት።

ሻይ ጭንቀት ያጠፋል የሚሉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ የለንደን ጥናት አለ። 75 ወንዶች ለሁለት ተከፍለው፣ ለስድስት ሳምንት ግማሾቹ ጥቁር ሻይ፣ ግማሾቹ ሻይ የሚመስል ካፌይኑ እኩል የሆነ መጠጥ ጠጡ። ከዚያ የሚያስጨንቅ ሥራ ተሰጣቸው። ሁሉም እኩል ተጨነቁ። ከ50 ደቂቃ በኋላ ግን ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን በሻይ ጠጪዎቹ 47 በመቶ፣ በሌሎቹ 27 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ስድስት ሳምንት በየቀኑ የጠጡ ሰዎች ናቸው። ከአለቃ ጋር ተጣልቶ አንድ ኩባያ መጨለጥ ይህን ውጤት አያመጣም።

7. ልኩን እወቁ

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ችግር የለውም ብሏል። ይህ ግን ቡናውንም፣ ለስላሳውንም፣ ኢነርጂ ድሪንኩንም ደምሮ ነው። ቶሎ ለሚደነግጥና ለሚጨነቅ ሰው ልኩ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቁጥር አትፈልጉ፣ ቀንሱ። የደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ ሻይ ምግብ ውስጥ ያለውን ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያግድ፣ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቀው።

«ጠዋት ሻይ ካልጠጣሁ አታናግሩኝ» የሚሉትን ታውቃላችሁ። ያ ንጭንጭ በከፊል ካፌይኑ ስለቀረ የመጣ ነው። ከመጨረሻው ኩባያ 12 ሰዓት እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ራስ ምታት፣ መነጫነጭና ድብታ ይጀምራሉ። የጠዋቱ ኩባያ የሚሰጠው ደስታም አንዳንዴ ይህንኑ ማስታገስ ነው። መተው የፈለገ በአንድ ጊዜ አያቁም። በየጥቂት ቀኑ አንድ ኩባያ ይቀንስ ወይም ግማሹን በዲካፍ ይተካ። ራስ ምታቱ ከመጣም ከጥቂት ቀናት አልፎ ከሳምንት ብዙም አይዘልቅም።