በእጅ የተሠራ የአደን ጠመንጃ ስትመርጡ ብሎኖቹን እዩ

እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው የእንጨቱ ውበትና የብረቱ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ዋጋውንም የሚያስወድደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ግን የሠሪውን እጅ የሚነግራችሁ ሌላ ቦታ አለ። ጥይት አለመኖሩን አረጋግጡና ገልብጡት፤ ከቃታው ፊትና ኋላ ያሉትን ብሎኖች ተመልከቱ።

ጎበዝ ባለሙያ የሠራው ከሆነ፣ ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ በሁሉም ላይ ጥይቱ ከሚያልፍበት ቱቦ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆማል። ይሄ በአጋጣሚ አይመጣም። ባለሙያው የብሎኑን ራስ ትርፍ አድርጎ ይተወዋል፣ እስኪጠብቅ ያዞረዋል፣ ከዚያ ትርፉን በሞረድ አስተካክሎ ስንጥቁን በልኩ ያወጣል። ለአንዲት ብሎን ይህን ያህል የደከመ ሰው፣ የማይታየውንም ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በግዴለሽነት አይሠራውም። የስንጥቁ ጠርዝ ተበልቶ ካያችሁ ግን ያልሠለጠነ እጅ ነካክቶታል። ዋጋ ስትደራደሩ አንሱት።

እጅ እንዳያንሸራትት እንጨቱ ላይ የተቀረጸውን ጥልፍልፍም ብርሃን በጎን እየመታው እዩት። ጫፎቹ ሹል፣ መስመሮቹ ከድንበራቸው ያላለፉ መሆን አለባቸው።

አንድ ጥንቃቄ፦ በእንጨቱና በብረቱ መሃል ያለ ክፍተት ሁሉ ጥፋት አይደለም። ከብረቱ ጭራ፣ ማለትም ወደ ኋላ ረዝሞ እንጨቱ ውስጥ ከሚቀመጠው ጫፍ፣ ኋላ ያለው ቀጭን ክፍተት ሆን ተብሎ ይተዋል፤ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ሲገፋ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ። ደግሞ የብሎን ስንጥቅ ዒላማ መምታቱን አይነግራችሁም። እሱ ተተኩሶ ነው የሚታየው።