ቴልኔትን ማሰናበት፦ ፖርት በምን ይፈተሽ?

ድሬዳዋ ከዚራ ያለ ቢሮ ሐረር ቅርንጫፍ ያለው የሒሳብ ሰርቨር አልገናኝ ሲለው፣ ብዙ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጽፈው ቴልኔት ነው፤ ከሩቅ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ በጽሑፍ ለማዘዝ የሚያገለግል የቆየ ፕሮግራም ነው። ፖርት (ማሽኑ ላይ ለእያንዳንዱ አገልግሎት በቁጥር የተለየ በር) ክፍት መሆኑን ለማየት ብቻ ከሆነ ሙከራው ራሱ አይጎዳም። የሚጎዳው «ለመፈተሻ ያስፈልጋል» እየተባለ ስዊቹና ራውተሩ ላይ ሳይዘጋ መቅረቱ ነው፤ ነገ አንዱ በዚያው ይገባበታል። ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳያመሰጥር ስለሚልክ፣ መስመሩ ላይ ዋየርሻርክ (በኔትወርክ የሚያልፈውን ዳታ የሚያሳይ ፕሮግራም) የከፈተ ሰው ፊደል በፊደል ያነበዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ማልዌር ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት የያዘው በቴልኔት ፖርት 23 እየገባ፣ ከፋብሪካ የመጡ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነበር።

ሊኑክስ ላይ ምትኩ ኔትካት ነው። ትዕዛዙ «ኤንሲ» ሲሆን ሰረዝ ዜድ ቪ፣ ከዚያ ሰረዝ ደብልዩ 5፣ በመጨረሻ አድራሻውና ፖርቱ ይከተላሉ፤ ለምሳሌ 192.168.20.5 እና 3306 (ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ የሚጠቀምበት ፖርት)። ዜድ ዳታ ሳይልክ ግንኙነቱን ብቻ ሞክሮ ይዘጋል፣ ቪ ውጤቱን ያሳያል፣ ደብልዩ ደግሞ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ ይወስናል። ጥበቃውን 1 ሰከንድ አያድርጉት፤ የመጀመሪያዋ ፓኬት (የምትላከው የዳታ ቁራጭ) መንገድ ላይ ከጠፋች ሊኑክስ ደግሞ የሚልከው ከ1 ሰከንድ በኋላ ስለሆነ፣ መስመር በተጨናነቀ ሰዓት ክፍቱን ፖርት ዝግ ነው ይልዎታል።

ዊንዶውስ ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም። ፓወርሼል ከፍተው ቴስት ሰረዝ ኔትኮኔክሽን፣ አድራሻውን፣ ከዚያ ሰረዝ ፖርት 3306 ይጻፉ። የመጨረሻው መስመር «ትሩ» ካለ ፖርቱ ተከፍቷል። ምላሽ ሲታጣ ይዘገያል፤ ተሰቀለ ብለው አይዝጉት።

ዋናው ሥራ ውጤቱን ማንበብ ላይ ነው። «ሪፊውዝድ» (እንቢ ተባለ) ወዲያው ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ፓኬቱ ሰርቨሩ ድረስ ደርሷል፣ ግን በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ የለም። ስለዚህ ቴሌኮም ጋ ከመደወል በፊት ሰርቨሩ ላይ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ፖርት እንደሚያዳምጥ የሚያሳየውን «ኤስ ኤስ» የሚለውን ትዕዛዝ በሰረዝ ቲ ኤል ኤን ፒ ያስኪዱ። ማይኤስኪውኤል 127.0.0.1 ላይ ብቻ ሲያዳምጥ ካዩት ችግሩ ተገኘ፦ ኡቡንቱ ላይ ሲጫን ለራሱ ማሽን ብቻ ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው። ማዳመጫ አድራሻውን ወደ ሰርቨሩ የውስጥ አይፒ ቀይረው አገልግሎቱን እንደገና ያስነሱ። «ታይምድ አውት» (ምላሽ ሳይመጣ ጊዜው አለቀ) ከሆነ ግን ፋየርዎል ዝም ብሎ ጥሎታል፣ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ወይም የመመለሻው መንገድ የተሳሳተ ነው።

ዩዲፒን (መድረሱን ሳያረጋግጥ ዳታ የሚልከውን የግንኙነት ዘዴ) በኔትካት ሲፈትሹ ይጠንቀቁ። መልስ አለመምጣቱን እንደ ክፍት ስለሚቆጥረው ፋየርዎል የጣለውንም «ተሳክቷል» ይላል። ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ከሆነ «ዲግ» ብለው እውነተኛ ጥያቄ ይላኩ።

አሁን ስዊቹ ላይ ቴልኔትን ዘግተን በኤስኤስኤች (ግንኙነቱን አመስጥሮ በሚያስገባው ዘዴ) እንተካው። ሲስኮ ላይ የመሣሪያ ስምና የዶሜይን ስም ይስጡ፤ እነዚህ ሳይኖሩ ቁልፉ አይፈጠርም። ቀጥሎ የ2048 ቢት አርኤስኤ ቁልፍ ይፍጠሩ፣ ኤስኤስኤች ስሪት 2ን ያብሩ፣ ተጠቃሚ ከነምስጢር ቃሉ ያስገቡ፣ ቪቲዋይ መስመሮቹ (ከሩቅ የሚገባባቸው መስመሮች) ላይ «ሎጊን ሎካል» ይበሉ። ቴልኔትን ዘግቶ ኤስኤስኤችን ብቻ የሚያስገባው «ትራንስፖርት ኢንፑት ኤስኤስኤች» መጨረሻ ይምጣ። ብዙ ስዊች ቪቲዋይ ከ0 እስከ 4 እና ከ5 እስከ 15 ተከፍሎ ስለሚታይ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ዘግቶ ሁለተኛውን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው።

የገቡበትን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት በኤስኤስኤች ይግቡ። እንቢ ካለ የመጀመሪያው መስኮት ያድንዎታል፤ አለዚያ ኮንሶል ኬብል ይዞ ሐረር መውጣት ሊመጣ ነው። ከገባልዎ ሴቭ ያድርጉና ከሌላ ኮምፒውተር በኔትካት ፖርት 23ን ይሞክሩ፤ «ሪፊውዝድ» ማለት አለበት።