የታይላንድ የጋብቻ ቪዛ ሰነዳችሁ ለምን ተመለሰ?

ታይላንዳዊት ወይም ታይላንዳዊ አግብታችኋል። ወረቀቱን ሁሉ ኢ-ቪዛ በሚባለው የታይላንድ የኦንላይን ቪዛ ማመልከቻ ገጽ ላይ ጭናችሁ፣ ክፍያውንም ከፍላችሁ እየጠበቃችሁ ነው። በዚህ መሃል «ተጨማሪ ሰነድ ያስፈልጋል» የሚል መልእክት ይመጣል። ልብ ይሰብራል፣ በተለይ የትዳር አጋራችሁ ባሕር ማዶ ሆና ቀን ስትቆጥር። ደጋግሜ ያስተዋልኩት ግን አንድ ነገር አለ። ሰነድ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ስለጎደለ ሳይሆን አንዱ ወረቀት ከሌላው ጋር ስላልተስማማ ነው። ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው እናንተን አያውቅም። የሚያውቀው ወረቀታችሁን ብቻ ነው።

እዚህ የማወራው ታይላንዳዊ ያገባ ሰው ስለሚያመለክትበት «ኖን ኢሚግራንት ኦ» ስለሚባለው ቪዛ ነው። ለአንድ ጊዜ መግቢያ የሚሰጠው 90 ቀን ያስቆያል። የሰነዱ ዝርዝር ከኤምባሲ ኤምባሲ ይለያያል፤ ስለዚህ የምታመለክቱበትን ኤምባሲ ዝርዝር ከፍታችሁ አጠገባችሁ አድርጉ።

«የጋብቻ ወረቀቱን ጭኛለሁ፤ አሁንም ይጠይቁኛል»

ታይላንድ ውስጥ የተጋባ ሰው ሁለት ዓይነት ወረቀት አለው። አንዱ ዳር ዳሩ ያጌጠው የምስክር ወረቀት ነው፤ ኮር ሮር 3 ይባላል። ሌላው የሁለታችሁ ዝርዝር መረጃና ፊርማ ያለበት የመዝገቡ ገጽ ነው፤ እሱ ኮር ሮር 2 ነው። ሰው የሚያምረውን ይጭንና ሌላውን ይረሳዋል። መፍትሄው ሁለቱንም ስካን አድርጎ፣ በአንድ ፒዲኤፍ አያይዞ መላክ ነው። ኮር ሮር 2 እጃችሁ ላይ ከሌለ ባለቤታችሁ ጋብቻው የተመዘገበበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዳ አዲስ ቅጂ ታወጣለች።

የተጋባችሁት አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የውጭ አገር የጋብቻ ወረቀት ተተርጉሞና ተረጋግጦ ታይላንድ ውስጥ በወረዳው ሲመዘገብ ኮር ሮር 22 የሚባል ወረቀት ይሰጣል። የውጭውን ወረቀት ብቻ የሚቀበል ኤምባሲ ቢኖርም ኋላ ታይላንድ ውስጥ ቆይታችሁን ስታራዝሙ ይህ መጠየቁ አይቀርም። ባለቤታችሁ ከአሁኑ ብታስጨርሰው ይሻላል።

«ስሙ አይመሳሰልም» ተባልኩ

እኛን ኢትዮጵያውያንን በጣም የሚያስቸግረን ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላብራራው።

የኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ቅጹ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። ባንኩ ደግሞ ሁለቱን ስም ብቻ ይዞ አያቱን ትቶታል። በዚህ ላይ የታይኛ ጉዳይ ይጨመራል። የጋብቻ መዝገቡ ላይ ስማችሁ በታይ ፊደል ይጻፋል። ታይኛ «ገ» የሚል ድምፅ የለውም፤ «ዘ»ም የለውም። ስለዚህ ገብሬ በ«ክ»፣ ዘውዱ በ«ስ» ይጻፋል። ተርጓሚው ያንን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ፓስፖርታችሁ ላይ የሌለ ሰው ይፈጠራል። ማንም አልዋሸም፤ ፊደሉ ነው እንዲህ ያደረገው።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ግን ከትርጉሙ በፊት መደረግ አለበት። ለተርጓሚው የፓስፖርታችሁን ገጽ ስጡትና «ስሜን ከዚህ ፊደል በፊደል ገልብጥ» በሉት። ቀድሞ ተሳስቶ ከሆነ በእስኪብርቶ አትደልዙ፤ እንደገና አስተርጉሙት። የኢ-ቪዛ ቅጹን ስትሞሉ ደግሞ ፓስፖርቱ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ከሁለቱ ተከታታይ ምልክቶች (<<) በፊት ያለው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበው ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የራሳችሁ ነው። እንዳለ ገልብጡት። ባንኩ ስማችሁን አሳጥሮ ከያዘው ሙሉ ስምና የፓስፖርት ቁጥር ያለበት ደብዳቤ ጠይቁ።

የባለቤታችሁንም ስም አትርሱ። ታይላንዳዊት ስታገባ የቤተሰብ ስሟን መለወጥም መተውም ትችላለች። ከቀየረችና መታወቂያዋ አዲስ፣ የቤቱ ነዋሪዎች የሚመዘገቡበት የቤት መመዝገቢያ ደብተር ግን አሮጌ ስሟን ከያዘ የስም ለውጥ ወረቀቷን አብራችሁ ጫኑ።

ቀኑ አልገባቸውም

አንድ ቀን ሦስት ዓመተ ምሕረት ሊኖረው ይችላል። ባንግራክ የሚባል የባንኮክ ወረዳ አለ፤ ስሙ ውስጥ «ፍቅር» የሚል ቃል ስላለ ብዙ ጥንዶች ፌብሩዋሪ 14 እዚያ ሄደው ይፈራረማሉ። በ2025 በዚያ ቀን የተጋባ ሰው ወረቀቱ ላይ 2568 ያገኛል። ታይላንዶች በቡድሃ አቆጣጠር ስለሚጽፉ ነው፤ 543 ሲቀነስ የፈረንጁ ይመጣል። በእኛ ደግሞ ያ ቀን የካቲት 7 ቀን 2017 ነው። የልደት ወይም ያላገባ ማስረጃችሁ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ ቅጹ ላይ ከሞላችሁት ቀን ጋር አይገጥምም። ትርጉሙ ላይ የፈረንጁ ቀን በግልጽ እንዲሰፍር አስደርጉ።

የባለቤቴ መታወቂያ ቅጂ ተመለሰ

ቅጂው አልተፈረመበትም ይሆናል። ታይላንዶች ቅጂ ሲሰጡ «ሳምናው ቱክ ቶንግ» ብለው ጽፈው ይፈርማሉ፤ «ትክክለኛ ቅጂ» ማለት ነው። መታወቂያውም የቤት መመዝገቢያውም ላይ እንዲሁ ትፈርም። ፊርማው የስሟን ፊደል ወይም የመታወቂያ ቁጥሩን እንዳይሸፍን።

የባንክ ወረቀት

የሞባይል ስክሪንሾት አይበቃም። ስማችሁ፣ የሒሳብ ቁጥሩና የወራት እንቅስቃሴው የሚታይበት እስቴትመንት ያስፈልጋል። ትናንት ከሰው ተበድሮ የገባ ገንዘብ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው 400 ሺህ ባት ወይም በወር 40 ሺህ ባት ገቢ ታይላንድ ውስጥ ቆይታ ሲራዘም የሚጠየቅ ነው። 400 ሺሁ በራሳችሁ ስም ታይላንድ ባንክ ውስጥ ከማመልከታችሁ በፊት ሁለት ወር መቀመጥ አለበት። ለመግቢያ ቪዛው ግን ኤምባሲያችሁ የጻፈውን መጠን ተከተሉ።

የምትኖሩበትን አገር አስረዱ ካሉ

ዱባይ ወይም ሪያድ ሆናችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ስታመለክቱ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ይፈልጋሉ። በሁለቱም በኩል ስካን አድርጉ፤ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ መጀመሪያ አሳድሱ። ታይላንድ ውስጥ ተቀምጦ በኢ-ቪዛ ማመልከት አይቻልም።

ቪዛው ወጣ፣ ኤርፖርት ላይ ቆምኩ

ታይላንድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከምትጠይቃቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አለች። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ካርዱንም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙት። ከሜይ 2025 ወዲህ ደግሞ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የታይላንድን ዲጂታል የመግቢያ ካርድ (TDAC) ኦንላይን መሙላት ግዴታ ሆኗል። የመግቢያ ካርዱ በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለም፣ ዝጉት።