ታሪክን ለትንበያ እንዴት እንጠቀምበት? የብር ምንዛሪ እንደ ማሳያ

«ታሪክ ራሱን ይደግማል» እያሉ መተንበይ ጠንቋይ ቤት ከመሄድ ብዙም አይሻልም። በአግባቡ የተቆጠረ ታሪክ ግን አንድ ነገር በስንት ዓመት እንደሚያጋጥምና ከመድረሱ በፊት ምን እንደሚታይ ይነግራል። ቀኑን አይነግርም።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡት። «ብር ይወድቅ ይሆን?» ማንም የፈለገውን የሚመልስበት ነው። «በሚቀጥሉት 12 ወራት መንግሥት በአንድ ማስታወቂያ ብርን 15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያረክሳል?» ከተባለ ግን መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው።

ቀጥሎ ቁጠሩ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ገብታችሁ የድሮ ጋዜጦችን አገላብጡ። ከደርግ ውድቀት ወዲህ መስፈርቱን የሚያሟሉት 1985 (ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር)፣ ነሐሴ 2002፣ ጥቅምት 2010 እና ሐምሌ 2016 ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በበጀት ዓመት ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የነሐሴ 2002ቱ በሪፖርት ላይ የሚገኘው 2003 ውስጥ ነው፤ የሐምሌ 2016ቱም 2017 ውስጥ። ሁለቱን አቆጣጠር የቀላቀለ አንዱን ክስተት ሁለቴ ይቆጥራል።

ሰኔ 2016 ላይ ሆኖ ለሚተነብይ፣ በ33 ዓመት 3 ጊዜ ማለት በዓመት 9 በመቶ ገደማ ነው። መነሻው ይህ ነው። ዛሬ ላይ ሆኖ ከ2002 ወደ 2010፣ ከዚያ ወደ 2016 ሰባት ሰባት ዓመት ገደማ መሆኑን አይቶ «በየሰባት ዓመቱ ነው» ማለት ያጓጓል። ከ1985 እስከ 2002 ግን ከ17 ዓመት በላይ ነው፤ በሁለት ክፍተት ሕግ አይወጣም።

ከመነሻው የምትወጡት በምልክት ነው። ሰኔ 2016 ላይ የጥቁር ገበያው የዶላር ዋጋ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከአይኤምኤፍ (ከዓለም የገንዘብ ድርጅት) ጋርም ድርድር ነበረ። ይህ ዕድሉን ወደ 40 በመቶ ቢያወጣው አይበዛም። ወደ 90 የማያወጣው፣ የገበያዎቹ ልዩነት ቀደም ባሉት ዓመታትም ሰፊ ሆኖ ምንም ስላልተደረገ ነው። ምልክቱ ታይቶ ነገሩ ያልሆነባቸውን ዓመታት መመዝገብ አሰልቺ ነው፤ ግን የትንበያው ግማሽ ሥራ እዚያ ነው።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይህ ቆጠራ አያገለግልም። ተመኑ በማስታወቂያ ሳይሆን በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ የድሮው ጥያቄ ራሱ ተለውጧል፤ አዲስ መዝገብ ክፈቱ፣ ከሌሎች አገሮች የገበያ ተመን ታሪክም ተበደሩ።

ትንበያችሁን ከነቀኑ ጻፉ፣ ጊዜው ሲደርስ አስሉ። ውጤቱ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0፤ ከገመታችሁት ዕድል ጋር ያለውን ልዩነት በራሱ አባዙት። የሐምሌ 2016ቱ ስለሆነ፣ ከላይ 40 በመቶ ያለ ሰው 0.36 ያገኛል፣ 9 በመቶው ላይ የቀረ 0.83። አነስተኛው የተሻለ ነው። ሁልጊዜ 50 በመቶ የሚል ሰው 0.25 ስለሚያገኝ፣ የብዙ ጥያቄዎቻችሁ አማካይ ከዚያ በታች ካልወረደ ቆጠራችሁን ከመጀመሪያው ፈትሹ።