ድሬ ላይ ጉቦ ከተጠየቅህ ጥቆማህን እንዲህ አስገባ

መጀመሪያ ነገርህን ለይ። ፋይሉ ጠፋ፣ «ሲስተም የለም» ተባልክ፣ ኃላፊው ሁሌ ስብሰባ ላይ ነው? ይሄ ቅሬታ ነው፤ እዚያው መሥሪያ ቤት ያለው ቅሬታ ሰሚ ያየዋል። «ለቡና» ተብለህ ገንዘብ ከተጠየቅህ ግን ጥቆማ ነው፤ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሉ የት እንደሆነ ጠይቅ። የምትጠቁመው ኃላፊውን ራሱን ከሆነ እዚያው ግቢ ውስጥ አትድከም፣ ቀጥታ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ሂድ።

ዋናው ሥራ ጽሑፉ ላይ ነው። ድሬ ላይ ትልቅ ትንሹን «አንተ» ብለን ስለኖርን ነው መሰለኝ፣ ማመልከቻ ላይ ስንደርስ ክቡርነትዎና ታላቅ ትህትናችን ገጹን ይሞላውና ጉዳዩ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ይቀራል። ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቁጭ በልና ራስህ ጻፈው። «እገሌ ሌባ ነው» ብትል መርማሪው ምንም አያደርግበትም። «መጋቢት 4 ቀን ረፋድ ላይ፣ መስኮት 3፣ የቦታ ካርታዬን ልወስድ ስሄድ 2 ሺህ ብር ካላመጣህ ፋይልህ አይገኝም አለኝ፤ አጠገቤ የቆመ ሰው ሰምቷል» ብትል ግን የሚጠራው ሰውም የሚፈተሸው ፋይልም ይታወቃል። ገንዘቡን ወደ ዘመድ ስልክ ላክ ካሉህ ቁጥሩን የላኩበትን መልእክት አታጥፋ። ሰጥተህ ከሆነም አትደብቅ፤ ጉቦ መስጠትም ወንጀል ስለሆነ ከማስገባትህ በፊት ጠበቃ አማክር። ያላየኸውን አትጨምር፣ የሐሰት ክስ አንተኑ ያስጠይቅሃል።

ጠዋት ግባ። ከሰዓት ሙቀቱም በርጫውም አለ፣ የምትፈልገውን ሰው ላታገኝ ትችላለህ።

ሁለት ኮፒ ያዝ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገባ ሌላው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ጽፈው ማህተም ያድርጉልህ። «አስቀምጠው፣ እናየዋለን» ቢሉህ እሺ ብለህ እንዳትወጣ፤ ያለ ቁጥር ነገ «የምን ማመልከቻ?» ነው የሚሉህ። የምታያይዘው ማስረጃ ካለ ዋናውን ሰነድ አትስጥ፣ ኮፒው ይበቃል።

ስምህን መግለጽ ካልፈለግህ ሳትገልጽም መጠቆም ትችላለህ፤ ግን ደውሎ የሚጠይቅህ ስለማይኖር ዝርዝሩ በደንብ የተሟላ ይሁን። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፣ እሱ ግን ለከባድ ወንጀሎች ነው የወጣው። ስለዚህ ለትንሿ ጉቦ ሕጉ ይከልለኛል ብለህ በየቡና ቤቱ አታውራ።

ከዚያ ጠብቅ፣ ግን በቁጥርህ እየጠየቅህ። የፌዴራሉ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከ2008 ወዲህ የወንጀል ምርመራና ክሱን ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ አስረክቧል፤ «ሄጄ ነገርኳቸው፣ ለምን አላሰሩትም?» የሚለው እሮሮ ግማሹ ይሄን ካለማወቅ ነው። የአገልግሎት ቅሬታህን ጆሮ ዳባ ልበስ ካሉት ደግሞ ሕዝብ እንባ ጠባቂ አለ። እዚያ ስትሄድ ያቺን ማህተም ያረፈባትን ኮፒ ይዘህ ሂድ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ወደ ማን አቤት ብለህ ምን እንደመለሱልህ ነው።