ከአስፋልት ውጪ ለሚነዳ ሞተር ሳይክል አውቶማቲክ ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚገጠም

በድሬዳዋ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እየቀዘፈ የሚያልፍ ወይም ከሐረር ወደ ኤረር ሸለቆ በድንጋያማ መንገድ የሚወርድ ሞተረኛ ከሁሉ ቀድሞ የሚዝልበት ግራ እጁ ነው። የሞተሩን ኃይል ከጎማው ጋር የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ፍሪሲዮን በየጥቂት ሜትሩ መጨበጥና መልቀቅ አለበት፤ አንዴ ዘግይቶ ከጨበጠ ሞተሩ ዳገት መሃል ይጠፋበታል። አውቶማቲክ ፍሪሲዮን ይህን ጣጣ ያነሣለታል። ገጠማው ራሱ ብሎን በሥርዓት መፍታትና ማሰር ለሚችል ሰው ከባድ አይደለም። ሥራው የሚበላሸው በመጨረሻዋ ማስተካከያ ላይ ስለሆነ እዚያ ስንደርስ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አውቶማቲክ ሲባል ማርሹ በራሱ የሚቀየር የሚመስላቸው አሉ። ማርሹን አሁንም በእግርዎ ይቀይራሉ፤ በራሱ የሚይዘውና የሚለቀው ፍሪሲዮኑ ብቻ ነው። ሐሳቡም የቆየ ነው፤ ሆንዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ያወጣት ሱፐር ከብ ያለ ፍሪሲዮን መጨበጫ ትነዳ ነበር።

በተለመደው ፍሪሲዮን ሸራ የለበሱ ዲስኮችና የብረት ዲስኮች እየተፈራረቁ ይደረደራሉ፤ ሞላዎቹ በላያቸው ያለውን ተጫኝ ሳህን እየገፉ ያጣብቋቸዋል። መጨበጫውን ሲስቡ ሳህኑ ይነሣል፤ ዲስኮቹም ይላቀቃሉ። ብዙ የሚገጠመው የአሜሪካው ሬክሉስ ዓይነት አውቶማቲክ በዚሁ ድርድር መካከል ወፍራምና ቀጭን መሆን የሚችል ልዩ ዲስክ ያስገባል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር፣ ሲዞር በዲስኩ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክብደቶች በሞላ ተይዘው ይቀመጣሉ። ጋዝ ሲሰጡ ዙሩ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል፤ ክብደቶቹ በተዳፋት ላይ ሲወጡ ዲስኩ ይወፍርና ድርድሩን ያጣብቃል። ዙሩ ሲወርድ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ሞተር ሳይክሉ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ይቆማል እንጂ ሞተሩ አይጠፋም።

ከመግዛትዎ በፊት የሞተር ሳይክልዎን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት በትክክል ይለዩ። ዕቃው ለእያንዳንዱ ሞዴል ተለክቶ የሚሠራ ነው፤ ለሱዙኪ ዲአር-ዜድ 400 የተሠራው ለኬቲኤም አይሆንም። በከተማ ለሚሠሩት ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች የሌላውን ዲስክ ሞርዶ ለማስገባት የሚደፍር ባለሙያ ካጋጠመዎት ያመስግኑትና ዕቃዎን ይዘው ይመለሱ። በክዳኑ መጋጠሚያ ገብቶ ዘይት እንዳያፈስ የሚከለክለውን ጓርኒሲዮንም አዲስ አብረው ይግዙ፤ አሮጌው ሲላቀቅ መቀደዱ የተለመደ ነው።

ሥራውን ድሬዳዋ ላይ ከሆነ በማለዳ ይጀምሩት። ሙቀቱን ብቻ ብዬ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ሲያነሣ የተከፈተ ሞተር ደጅ ላይ ማስቀመጥ አይገባም። ሞተር ሳይክሉን ያጥቡ፤ በተለይ በቀኝ በኩል በሞተሩ ክዳን ዙሪያ የተጋገረውን ጭቃ በብሩሽ ያስለቅቁ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። አዲሶቹን የሸራ ዲስኮች በንጹሕ የሞተር ዘይት ይንከሩ፤ ቢያንስ 5 ደቂቃ ያስፈልጋቸዋል፤ እርስዎ ሲፈቱ እነሱ ቢቆዩ የተሻለ ነው። ደረቅ ሸራ መግጠም በመጀመሪያው መነሻ ላይ ማቃጠል ነው።

ከዚያ የነዳጁን ቧንቧ ይዝጉና ሞተር ሳይክሉን በግራ ጎኑ በአሮጌ ፍራሽ ወይም ጎማ ላይ ያስተኙት። አብዛኞቹ ፍሪሲዮናቸው በቀኝ ስለሆነ ዘይቱ ወደ ግራ ይሸሻል፤ ሳያፈስሱት መሥራት ይችላሉ። የፍሬን መርገጫውን ይፍቱ፤ ቀጥሎ የክዳኑን ብሎኖች። ርዝመታቸው የተለያየ ስለሚሆን የክዳኑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ሥለው እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ይሰኩት። ክዳኑ እምቢ ካለ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ ብለው ይምቱት። ካቻቢቴ ሰንቅሮ መፈልቀቅ የለም፤ የአሉሚኒየሙ ፊት ከተጫረ ዘይት ማፍሰሱን አያቆምም።

የሞላዎቹን ብሎኖች በተራ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ፣ ትንሽ ትንሽ ይፍቱ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ሳህኑን ያጣምመዋል። ሳህኑን ካነሡ በኋላ ዲስኮቹን አንድ በአንድ አውጥተው በወጡበት ቅደም ተከተል በጨርቅ ላይ ይደርድሩና ፎቶ ያንሡ። በአንዳንድ ሞዴሎች ከታች ጠበብ ያለ ዲስክና ቀጭን የሞላ ቀለበት ይገኛሉ፤ መመለስ ወይም መቅረት እንዳለባቸው የሚነግርዎት ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ ነው።

አሁን ቸኩለው አይግጠሙ። ዲስኮቹን የሚይዘውን ቀፎ ጣቶች በጥፍርዎ ይዳስሱ። የዲስክ ጥርስ የቆፈረው ጉድጓድ ካለ አዲሶቹም እዚያው ይያዛሉ፤ ፍሪሲዮኑም ይንቀጠቀጣል። ጥቂት ከሆነ በቀጭን ሞረድ ያስተካክሉት፤ ጥልቅ ከሆነ ቀፎው ይቀየር። ሞርደው ሲጨርሱ ብናኙን ጠርገው ያውጡ። ከነባሩ የብረት ዲስክ የሚመለስ ካለ በመስታወት ላይ አስተኝተው ይዩት፤ የሚነቃነቅ ወይም በሙቀት የሰማያዊነት መልክ የያዘ አይመለስ።

አደራደሩ በመመሪያው ላይ እንደተሣለው ነው፤ አንድ ሸራ፣ አንድ ብረት፣ ልዩው ዲስክ ደግሞ በተነገረበት ቦታ። ከመመሪያው ወጥተው አንድ ብረት ቢጨምሩ ወይም ቢቀንሱ የድርድሩ ውፍረት ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ምንም ማስተካከያ አይረዳዎትም። የሞላዎቹን ብሎኖች በመስቀለኛ እያፈራረቁ ያጥብቁ። ለባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ብዙውን ጊዜ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃል፤ በጉልበት ከሄዱ አሉሚኒየሙ ውስጥ ያለው ጥርስ ይላጣል።

ክዳኑን መልሰው፣ ሞተር ሳይክሉን አቁመውና ዘይቱን አይተው ሲያበቁ ዋናው ሥራ ይጀምራል።

ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር በዲስኮቹ መካከል ጠባብ ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ በጣም ከሰፋ ልዩው ዲስክ ቢወፍርም ድርድሩን አጥብቆ መያዝ አይችልም፤ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። በጣም ከጠበበ ደግሞ ሞተር ሳይክሉ በሚኒሞ ይጎትታል፤ ማርሽ ሲያስገቡም ይጠፋል። ክፍተቱን በዓይን ማየት አይቻልም፤ በመጨበጫው ግን ይታወቃል። ልዩው ዲስክ ሲወፍር ተጫኙን ሳህን በጥቂቱ ያነሣዋል፤ ሳህኑ ሲነሣ መጨበጫው ላይ ያለው ልቅነት፣ ማለትም ሥራ ሳይጀምር በባዶው የሚሳበው ርቀት፣ ይጨምራል።

ስለዚህ በዜሮ ማርሽ ሞተሩን አስነሥተው 2 ወይም 3 ደቂቃ ያሙቁት። መጨበጫውን ከመሪው እጀታ ጋር በላስቲክ ያያይዙት፤ ላስቲኩ ልቅነቱን ብቻ የሚሰበስብ ለስላሳ ይሁን። ከዚያ ዙሩን ከሚኒሞ በደቂቃ እስከ 5,000 አካባቢ ፈጠን አድርገው ከፍ ያድርጉና ይልቀቁ። የመጨበጫው ጫፍ ወደ መሪው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ካለ በትክክል ተገጥሟል። ካልተነቃነቀ ክፍተቱ ሰፍቷል፤ ብዙ ከገባ ጠብቧል። በካቦ ለሚሠራ ከካቦው ማስተካከያ፣ በዘይት ግፊት ለሚሠራ ደግሞ ለዚሁ ከተሰጠው ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክሉና እንደገና ይሞክሩ። ትክክል ሳይሆን አንድ ሜትር እንኳ አይንዱ።

ሚኒሞው ሌላው ሥጋት ነው። ከፍ ካለ ልዩው ዲስክ መወፈር ይጀምራል፤ ሞተር ሳይክሉም ቆሞ ይጎትታል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። ካርቡራተር ያለው ሞተር በሁለቱ መካከል ያለውን የደንገጎን ዳገት ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ሚኒሞው ይዛባል። ሚኒሞውን ብዙ በሚነዱበት ከተማ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ያስተካክሉት። ነዳጁን በኮምፒውተር የሚመጥን ሞተር ይህ ብዙ አያስቸግረውም።

ለማላመድ ሜዳ ላይ በአንደኛ ማርሽ ደጋግመው በለስላሳው ይነሡና ይቁሙ። ዲስኮቹ ቦታቸውን ሲይዙ ክፍተቱ ስለሚለወጥ የላስቲኩን ፈተና ይድገሙት፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም እንደገና። ከዚያ ወዲያ ለጉዞ በወጡ ቁጥር ቢያዩት ጥቂት ሰከንድ ነው።

አነዳዱም ይለወጣል። በከፍተኛ ማርሽ በዝቅተኛ ዙር ዳገት መውጣት ይህን ፍሪሲዮን ይገድለዋል፤ በአሸዋም በዳገትም አንድ ማርሽ ዝቅ ይበሉ። (ክረምት ላይ ደቻቱን ይተዉት፤ የ1998ቱን ጎርፍ የከተማው ሰው አልረሳውም።) ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ ከጠፋ ወይም ዙሩ እስከ ሚኒሞ ከወረደ ፍሪሲዮኑ ይለቃል፤ ሞተሩ የሚይዝዎት መስሎዎት ሳለ በድንገት ነጻ ይሆናል። በደንገጎ መታጠፊያዎች ላይ ጣትዎ ከፍሬኑ አይራቅ። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ውስጥ ማቆምም ጎማውን አይይዝም፤ ተዳፋት ላይ ድንጋይ ያስደግፉ። ባትሪው ቢደክም ገፍቶ ማስነሣት አይሠራም። ከሁሉም የሚያሰጋው ሞተሩ እየሠራ ማርሽ ውስጥ ቆሞ መተው ነው፤ ልጅ መጥቶ ጋዙን ቢነካ ሞተር ሳይክሉ ዘልሎ ይሄዳል። ከመውረድዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ።

ዘይቱ በጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለው የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን። ልዝብነት የሚጨምር ቅመም ያለበት የመኪና ዘይት ሸራውን ያንሸራትተዋል። ፍሪሲዮኑ በሠራ ቁጥር ዘይቱን ስለሚያሞቅ ቀድሞ ከለመዱት ጊዜ አሳጥረው ይቀይሩት። የወጡትን አሮጌ ዲስኮችና ሞላዎች ደህና ከሆኑ አይጣሉ፤ በዘይት ቀብተው በቅደም ተከተላቸው በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ያስቀምጡ። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ስለሚችል እስከዚያው በእነሱ ይነዳሉ።