በነጻ ክሊኒክ ሲታከሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በከተማ ነጻ ክሊኒኮች በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ብርቅ አይደለም። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የቆየ ሳል፣ የወገብ ሕመም፣ አልድን ያለ የእግር ቁስል ነው። ለሁሉም ሕክምና አለ። ጉዳቱ የሚመጣው ከአንዱ ቀጠሮ እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ ነው፦ መድኃኒቱ ያልቃል፣ የመጓጓዣ ገንዘብ ይጠፋል፣ ከሥራ ከቀሩ የቀኑ ክፍያ ይቀራል። ያኔ ሰው የራሱን መላ ይመታል። አንዳንዱ መላ ምንም አያመጣም፤ አንዳንዱ ግን ኩላሊት ወይም እግር ያሳጣል።

ሻል ሲልዎት መድኃኒቱን ማቆም

ደም ግፊት ከ140/90 በላይ ሆኖ ለዓመታት ቢቆይ እንኳ አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ራስዎን አላመመዎትም ማለት ግፊትዎ ወርዷል ማለት አይደለም። ሲለኩ 120/80 ከሆነም መድኃኒቱ እየሠራ ነው እንጂ በሽታው ለቆ ሄደ ማለት አይደለም። በተለይ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቆሙ ልብ በኃይል መምታት ይጀምራል፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ለሃርት አታክ ሊዳርግ ይችላል።

ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው ስላስቸገረው ነው፤ ግን አይናገርም። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፣ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሌላ ምትክ አለ። ሦስተኛውን ጠዋት መዋጥ የሌሊቱን መመላለስ ያስቀራል። ኢናላፕሪል የሚወስዱ ሴት ካረገዙ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳልና መቀየር አለበት።

መድኃኒቱን ለማብቃቃት ክኒን መግመስ

ለ30 ቀን የተሰጠውን መድኃኒት እየገመሱ ወይም ቀን እየዘለሉ ለ60 ቀን ማዳረስ ቁጠባ ይመስላል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ግፊቱ አይወርድም፤ ሐኪሙ ደግሞ መገመሱን ስለማያውቅ "መድኃኒቱ አልበቃም" ብሎ መጠኑን ይጨምራል ወይም ሌላ ያክልበታል። ታካሚው አንድ ቀን ሁሉንም በትክክል ሲውጥ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወርድና ተዝለፍልፎ ይወድቃል።

በማሸጊያው ላይ "ሪታርድ"፣ "ኤስአር" ወይም "ኤክስአር" የሚል ያለበት ክኒን ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ ነው። ፋርማሲስቱ ይቻላል ካላለ በቀር አይሰበር፣ አይፈጭ፣ አይታኘክ። ኒፌዲፒን ሪታርድ የተባለው የግፊት ክኒን ሲፈጭ ለሰዓታት የታሰበው መጠን ባንዴ ወደ ደም ይገባል።

የሚሻለው መንገድ፦ ክኒኑ የ7 ቀን ብቻ ሲቀረው ክሊኒኩን ማነጋገርና "ሊያልቅብኝ ነው" ማለት። ግፊትዎ ወይም ስኳርዎ የተረጋጋ ከሆነ የ2 ወይም የ3 ወር መድኃኒት ባንዴ ሊሰጥዎት ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።

በቀጠሮ ቀን መድኃኒት ሳይወስዱ መሄድ

"ትክክለኛው ግፊቴ ይታይ" ብለው የጠዋቱን ክኒን የሚተዉ ብዙ ናቸው። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ግን መድኃኒቱ ውስጥዎ እያለ ያለውን ግፊት ነው። በሌላ በኩል ለምርመራ በባዶ ሆድ ኑ የተባለ የስኳር ታካሚ ክኒኑን ወይም ኢንሱሊኑን እንደ ወትሮው ወስዶ ሳይበላ ከተሰለፈ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። የዚያን ዕለት የስኳር መድኃኒቱን ምን ማድረግ እንዳለብዎት ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ።

ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ይቅር። ሽንትዎን ይሽኑ፣ ጀርባዎን አስደግፈው 5 ደቂቃ ይቀመጡ፣ እግርዎን አያጣምሩ፣ ክንድዎ በልብ ትይዩ ይደገፍ፣ መለኪያው በልብስ ላይ አይጠምጠም። እየሮጡ ደርሰው ወዲያው ሲለኩ የሚገኘው ቁጥር አያስተማምንም።

ምግብ በሌለበት ቀን የስኳር መድኃኒት መውሰድ

በዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ አቅም የሌለውን ታካሚ በአንድ ሌሊት ሊገድል የሚችል ስህተት ይኸው ነው። ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ሰውየው በላ አልበላ ስኳርን ያወርዳሉ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ በቤትዎ ምግብ የሚጎድልባቸው ቀናት ካሉ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ። ይህ የሕክምና መረጃ ነው፤ የሚታዘዘውን መድኃኒት ይለውጣል።

ግሊቤንክላማይድ የሚወሰደው ከምግብ ጋር ነው፤ ምግቡ ከሌለ የዚያን ሰዓቱ ክኒን ይዘለላል። ኢንሱሊን ግን ሙሉ በሙሉ መተውም አደጋ አለው፤ በተለይ በልጅነት ወይም በወጣትነት የጀመረ የስኳር ዓይነት ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ይመረዛል። ምግብ ባነሰ ቀን ስንት ዩኒት እንደሚወጉ አስቀድመው ተነጋግረው በወረቀት ያስጽፉ።

ስኳር ሲወርድ ላብ ላብ ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ከዚያ ሰውየው ግራ ይጋባል። መለኪያ ካለና ቁጥሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ፣ መለኪያ ከሌለም ምልክቱ ብቻ በቂ ነው፦ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለ መድገም፣ ሲሻል ምግብ መብላት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ኢንሱሊንን በአያያዝ ማበላሸት

የተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ሙቀት በአብዛኛው ለ28 ቀን ያህል ይቆያል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ኢንሱሊን መጠቀም አይችልም ማለት አይደለም። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልተው በውኃ ያርሱት፣ ብልቃጡን በፕላስቲክ ጠቅልለው በትንሹ ማሰሮ ውስጥ አኑረው አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አሸዋው እንዳይደርቅ በቀን ሁለት ጊዜ ማርጠብ ነው፤ አየሩ ደረቅ በሆነ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ፍሪጅ ያለው ሰው ደግሞ ከበረዶ ቤቱ ያርቀው፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

ደመናማውን ኢንሱሊን፣ ማለትም ኤንፒኤችን፣ ሳይነቀንቁ በመዳፍ መካከል ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያንከባሉት። ከተንከባለለ በኋላም ጓል ከታየበት ይጣል። ሁልጊዜ ንጹሕ መሆን ያለበት ኢንሱሊን ከደፈረሰም እንደዚሁ።

በእርዳታ የመጣ ሲሪንጅ ሲቀበሉ ጽሑፉን ያንብቡ። ዩ-100 የተባለ (በአንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ያለው) ኢንሱሊን በዩ-40 ሲሪንጅ (በሚሊሊትር 40 ዩኒት ላለው በተሠራው) ከተቀዳ፣ በመስመሩ ላይ 10 ዩኒት የሚያዩት በእውነቱ 25 ዩኒት ነው። የብልቃጡና የሲሪንጁ ቁጥር አንድ ካልሆነ አይወጉ።

የሕመም ማስታገሻን እንደ ቀላል ነገር ማየት

ከባድ ጉልበት የሚሠራ ሰው ወገቡን ሲያመው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። እነዚህ መድኃኒቶች ግፊት ይጨምራሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ፣ ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲደረቡ ደግሞ ኩላሊትን በድንገት ሊያቆሙ ይችላሉ። ተቅማጥና ትውከት ሲጨመርበት አደጋው ይብሳል። ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ፓራሲታሞል ይቅደም፤ ለጤነኛ አዋቂ ጣሪያው በ24 ሰዓት 4 ግራም፣ ማለትም 8 ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ነው። ጉበቱ ለታመመ ወይም አልኮል ለሚያዘወትር ከዚህ ያነሰ ነው። ለጉንፋን የሚሸጡ ብዙ ክኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን አብሮ መቁጠር ያስፈልጋል።

የተረፈ አንቲባዮቲክ መዋዋስ

አሞክሲሲሊን ለጉንፋን አይሠራም፤ ጉንፋን የቫይረስ ነው። የባሰው ጉዳት ግን ሳልን መሸፈኑ ነው። 2 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የማታ ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው አክታውን ለቲቢ መመርመር አለበት። በየጊዜው ከጎረቤት ክኒን እየተዋሰ ወራት ካሳለፈ ተጨናንቀው በሚኖሩበት ቤት ያሉትን ልጆች ያስይዛል።

እግርን አለማየት

የስኳር በሽታ ስሜትን ያጠፋል፤ ሚስማር ወግቶት ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ደም ያየ ታካሚ ብዙ ነው። በየማታው ውስጥ እግርንና በጣቶች መካከል ያለውን ይዩ፤ ካልታየዎት የቤተሰብ ሰው ይይልዎት። ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ። ውኃ ሲታጠቡ ሙቀቱን በክርንዎ ይለኩ፤ እግርዎ ሲቃጠል ላይነግርዎት ይችላል። ያበጠ፣ የቀላ ወይም የሚሸት ቁስል ቀጠሮ አይጠብቅም።

እያፈሩ መደበቅ

መድኃኒት ያመለጣቸው ቀናት፣ ከሌላ ክሊኒክ የወሰዱት ክኒን፣ የጠጡት የባህል መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይነገር። በቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘው ይሂዱ። አንዱን መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ከሁለት ቦታ ተቀብሎ በእጥፍ የሚውጥ ሰው የሚገኘው እንዲህ ሲዘረገፍ ነው። ባለሙያውም "መድኃኒትዎን በደንብ ይወስዳሉ?" ብሎ ከጠየቀ መልሱ "አዎ" ብቻ ይሆናል። "ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን አመለጠዎት?" ብሎ ሲጠይቅ እውነቱ ይወጣል፤ መልሱን ሰምቶ መቆጣት ግን የሚቀጥለውን እውነት ያጠፋዋል።

ድንገተኛ ሕመምን ይዞ ክሊኒኩ እስኪከፈት መጠበቅ

ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ነው ብለው ይነሱ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው፤ የሚገኘውም በሆስፒታል እንጂ በነጻ ክሊኒክ አይደለም። አስፕሪን በቤት አይስጡ፤ በአንጎል ውስጥ የሚደማ ከሆነ ያባብሰዋል፣ የትኛው እንደሆነም ያለ ሲቲ ስካን (የአንጎል ምስል) አይለይም። ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ ሆስፒታሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።